ታዋቂ ሰዎች የሚፎካከሩበት የሬዲዮ ጨዋታ እንዴት ይዘጋጃል?

መነሻው ሕጉ ነው። አቅራቢው በአንድ ትንፋሽ ነግሮ የማይጨርሰው ሕግ ለሬዲዮ አይሆንም። ለጀማሪ የሚመቸው ቢቢሲ ሬዲዮ እ.ኤ.አ. በ1967 የጀመረው «ጀስት ኤ ሚኒት» («አንድ ደቂቃ ብቻ») የተባለው ጨዋታ መንገድ ነው፦ ተናጋሪው በተሰጠው ርዕስ ላይ ሳያመነታ፣ ቃል ሳይደግምና ከርዕሱ ሳይወጣ 60 ሰከንድ ያወራል። ስህተት ያገኘ ተወዳዳሪ ፊቱ ያለውን ደወል ይደውላል። ትክክል ከሆነ አንድ ነጥብ ያገኝና በቀረው ሰከንድ ንግግሩን ይረከባል፤ ከተሳሳተ ነጥቡ ለተናጋሪው ይሆናል። ሰዓቱ ሲያልቅ እያወራ የነበረውም አንድ ነጥብ አለው።

አራት እንግዳ ይበቃል። ከዝናቸው በፊት ድምፃቸውን ያድምጡ፤ ሁለቱ ከተመሳሰሉ አድማጭ ማን እንደተናገረ ይጠፋዋል። ለእያንዳንዱ የራሱ ማይክሮፎንና የተለየ ድምፅ ያለው ደወል ይስጡ።

ብዙ ዝግጅት የሚበላሸው «ቃል አትድገም» የሚለው ላይ ነው። «ነው» እና «ነበር» ከተከለከሉ በአማርኛ ማንም ሩቅ አይሄድም። እነሱን፣ «ግን»ን፣ «ይህ»ን የመሳሰሉትንና የርዕሱን ቃላት ነፃ ያድርጉ። ከዚያ ከባዱ ይመጣል፦ «ቤት» ያለ ሰው ቆይቶ «ከቤታችን» ቢል ደገመ ወይስ አልደገመም? በስም ላይ ደገመ ማለት ይሻላል፤ የአድማጭ ጆሮ የሚይዘው «ቤት»ን ነውና። በግስ ላይ ግን «ሄደ» እና «ስንሄድ» እንደ ሁለት ቃል ይቆጠሩ፤ አለዚያ አንድ ታሪክ እንኳ መተረክ አይቻልም። ይህ ሁሉ ከቀረጻ በፊት ተጽፎ ለእንግዶቹ ይነገር። መሃል ላይ የተፈጠረ ሕግ ክርክር ይወልዳል፤ አራት ሰው በአንዴ ሲከራከር ደግሞ በሬዲዮ የሚሰማው ጫጫታ ብቻ ነው።

ሰዓቱን ለአቅራቢው አይስጡ። ሌላ ሰው ይያዘው፤ ደወል እንደተሰማም ያቁመው። አቅራቢው የደወለውን በስም ይጠራል፣ ይፈርዳል፣ ርዕሱንና የቀረውን ሰከንድ ተናግሮ ጨዋታውን ያስቀጥላል።

ርዕሱ የሚጨበጥ ይሁን። «ፍቅር» ስብከት ያመጣል፤ «የጠፋ ቁልፍ» ጨዋታ ያመጣል።

ለግማሽ ሰዓት ዝግጅት አንድ ሰዓት ያህል ይቅረጹ። ሲያሳጥሩ ከ60 ሰከንዱ ውስጥ አይቁረጡ፤ አንዱን ዙር ሙሉ በሙሉ ያስወግዱት። የተወገደው ዙር ነጥብ ግን በኋላ ከሚነገረው ድምር ጋር አይገጥምም። ስለዚህ አቅራቢው ድምሩን ከኤዲት በኋላ፣ በዚያው ስቱዲዮና በዚያው ማይክሮፎን እንደገና ይቅረጸው። ዙሩ ሲወገድ አሸናፊው የሚለወጥ ከሆነ ያን ዙር አይንኩት፤ ሌላ ይፈልጉ።