ለ12ኛ ክፍል የፊዚክስ ፈተና በቡድን መዘጋጀትና ውጤትን በጥያቄ ደረጃ ማወዳደር የሚቻለው እንዴት ነው?

ሞዴል ፈተና ታርሞ በተመለሰ ቁጥር ተማሪዎች መጀመሪያ የሚጠያየቁት «ስንት አመጣህ?» ብለው ነው። ከ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች መካከል 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ መሆናቸው ከተገለጸ ወዲህ ደግሞ ጥያቄው በወላጅም በጎረቤትም አፍ የሚዘወተር ሆኗል። ሆኖም ጠቅላላ ድምርን ከጠቅላላ ድምር ጋር ማስተያየት ለጥናት የሚሰጠው ጥቅም በጣም አነስተኛ ነው። ከዚህ በታች የቀረበው አሠራር በደሴና በኮምቦልቻ ለሚገኙ፣ ሦስት ወይም አራት ሆነው ለብሔራዊ ፈተናው ፊዚክስ ለሚዘጋጁ ተማሪዎች የታሰበ ሲሆን ውጤታቸውን በድምር ሳይሆን በእያንዳንዱ ጥያቄ እንዲያወዳድሩ ይረዳቸዋል።

በመጀመሪያ የምትሠሩባቸውን የቀድሞ ዓመታት ፈተናዎች አጣሩ። የቀድሞው የ12ኛ ክፍል መጽሐፍ ቴርሞዳይናሚክስንና ዌቭ ኦፕቲክስን በሰፊው ይዞ የነበረ ሲሆን፣ የአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት የ12ኛ ክፍል መጽሐፍ ግን የፊዚክስን አገልግሎት በሌሎች ዘርፎች፣ በሁለት አቅጣጫ የሚደረግ እንቅስቃሴን፣ ፍሉይድ ሜካኒክስን፣ ኤሌክትሮማግኔቲዝምንና የኤሌክትሮኒክስን መሠረታዊ ነገሮች ይዟል። ስለዚህ የድሮውን ፈተና እንዳለ ሠርቶ በውጤቱ መደናገጥ ተገቢ አይደለም። መጽሐፎቻችሁን ከ9ኛ ክፍል ጀምራችሁ አጠገባችሁ አስቀምጡ፤ በምዕራፍ ዝርዝሮቹ ውስጥ የሌለ ርእስ የያዘውን ጥያቄ በእርሳስ ሰርዙት። ቀሪውን በሁለት ከፍላችሁ አንዱን ክፍል ማንም ሳያየው ለመጨረሻዎቹ ሳምንታት አቆዩት። አንድን ፈተና ሁለተኛ ጊዜ መሥራት መልሱን ከማስታወስ የመጣ ጭማሪ ስለሚያሳይ ለማወዳደሪያ አይሆንም።

ቀጥሎ አንድ ዓይነት ወረቀት፣ በአንድ ዓይነት ሰዓት፣ ያለ ካልኩሌተር ሥሩ። ከመካከላችሁ አንዱ ኮምቦልቻ ሌላው ደሴ ቢሆን እንኳን ሰዓት ተስማምቶ መጀመርና መልሱን ሁሉም ከጨረሰ በኋላ በቴሌግራም መላላክ ይቻላል። ለአንድ ጥያቄ የሚደርሰውን ጊዜ ለማወቅ በፈተናው ሽፋን ላይ ከተጻፈው ደቂቃ መልስ ለማጥቆር የሚሆን ጥቂት ደቂቃ ቀንሱ፤ ቀሪውን ለጥያቄዎቹ ብዛት አካፍሉ። ስትሠሩ ከእያንዳንዱ መልስ አጠገብ ምልክት አድርጉ፦ እርግጠኛ ለሆናችሁበት «እ»፣ ሁለት ምርጫ አስወግዳችሁ ከቀሩት ለመረጣችሁት «ከ»፣ በዘፈቀደ ላጠቆራችሁት «ግ»። ይህ ትንሽ ሥራ ቢመስልም የማወዳደሩ ዋና መሠረት እሱ ነው።

ለምን እንደሆነ በቁጥር ማየት ይቻላል። 50 ጥያቄ ባለው፣ አራት አራት ምርጫ በቀረበበት ፈተና ላይ አንዲት ተማሪ 30ውን አውቃ ሠርታ 20ውን በግምት ብታጠቁር፣ ከግምቱ በአማካይ 5 ስለሚሳካላት 35 አግኝታ ከመቶ 70 ታመጣለች። ጓደኛዋ 34 አውቆ ሠርቶ 16ቱን ባዶ ቢተው ከመቶ 68 ያገኛል። በድምር ሲታይ እሷ ትበልጣለች፤ በእውቀት ግን እሱ በአራት ጥያቄ ይቀድማል። እሱ መማር ያለበት ፊዚክስን ሳይሆን የፈተናው መመሪያ ለስህተት ነጥብ ይቀነሳል ካላለ በቀር ባዶ አለመተውን ነው፤ እሷ ደግሞ 70ውን አምና ብትቀመጥ ራሷን ትጎዳለች።

መልሱ ከታረመ በኋላ እያንዳንዱን ስህተት እንደ ምክንያቱ መድቡ። ምክንያቶቹ በአብዛኛው ሦስት ናቸው፦ የጽንሰ ሐሳብ፣ የንባብና የስሌት። በአካባቢያችን ምሳሌ እንየው። 10,000 ኪሎ ግራም የሚመዝን የጭነት መኪና ከደሴ ተነሥቶ በሐረጎ በኩል 25 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ 600 ሜትር ያህል ዝቅ ወደምትለው ኮምቦልቻ በ40 ደቂቃ፣ ፍጥነቱን ሳይለውጥ ወረደ እንበል፤ ጥያቄው በአማካይ በሰከንድ ምን ያህል ኢነርጂ ወደ ሙቀት ተለወጠ የሚል ነው። ግራቪቲን 10 ብንወስድ የቀነሰው ፖቴንሻል ኢነርጂ 10,000 በ10 በ600 ሲባዛ 60,000,000 ጁል ይሆናል። ይህ በ2,400 ሰከንድ ሲካፈል በአማካይ 25,000 ዋት ይመጣል።

አሁን አራት ተማሪዎች ይህን ጥያቄ ሠርተው ሦስቱ ቢሳሳቱ፣ ሦስቱም በማርክ እኩል ዜሮ ናቸው። አንደኛው ግን ኢነርጂው ሁሉ ወደ ካይነቲክ ኢነርጂ ተለወጠ ብሎ ይሆናል፤ ፍጥነቱ ካልተለወጠ ካይነቲክ ኢነርጂው እንደማይጨምርና ኢነርጂው በፍሬን፣ በሞተርና በአየር ግጭት ወደ ሙቀት እንደሚለወጥ አልተረዳም፤ ወደ መጽሐፉ መመለስ ያለበት እሱ ነው። ሁለተኛዋ በ600 ሜትሩ ፈንታ 25 ኪሎ ሜትሩን ከፍታ አድርጋ ወስዳለች፤ ፊዚክሱን ታውቃለች፣ ጥያቄውን ግን አላነበበችም። ሦስተኛው ዜሮ ሲቆጥር አንዷን ጥሎ 6,000,000 ጽፏል፤ ለእሱ የሚያስፈልገው በየቀኑ አሥር ደቂቃ በእጅ ማባዛትና ማካፈል ነው። ተፈታኙን ለማሳሳት የሚዘጋጁት ምርጫዎች ብዙ ጊዜ ከእነዚህ ስህተቶች ስለሚመነጩ፣ የተሳሳተ መልስህ ከምርጫዎቹ መካከል መገኘቱ ትክክል ለመሆንህ ማስረጃ አይሆንም።

የንባብ ስህተት ከሚታሰበው በላይ ይበዛል። ፈተናው በእንግሊዝኛ ስለሚቀርብ «ኮንስታንት ስፒድ»፣ «አት ሬስት»፣ «ኔግሊጂብል» የሚሉትን ቃላት አልፎ የሚሄድ ተማሪ የሚያውቀውን ጥያቄ ይጥላል። እነዚህን ቃላት እያሰመሩ ማንበብ መልመድ ያስፈልጋል። «ከሚከተሉት ውስጥ ያልሆነው» የሚለውን የሚገልጹትን ቃላት ደግሞ ማክበብ ይሻላል።

ከዚህ በኋላ የማወዳደሪያው ሠንጠረዥ ይዘጋጃል። በአንድ ገጽ ላይ በቁልቁል የጥያቄውን ቁጥርና ርእስ፣ በአግድም የየአንዳንዳችሁን መልስ፣ ምልክትና የስህተት ምክንያት አስፍሩ። አራታችሁም የሳታችሁትን ጥያቄ መምህር ጠይቁ። አንዱ «እ» ብሎ ያገኘውን ሌሎቹ ከሳቱት እሱ ሰሌዳ ላይ ወጥቶ ያስረዳ። «እ» ተብሎ የተሳተ ጥያቄ ከሁሉም ይበልጥ ያሳስባል፤ ተማሪው እንደማያውቀው ስለማያውቅ ደግሞ አያጠናውም። «ግ» ተብሎ የተገኘውን ግን እንደተሳተ ቁጠሩት። በቴሌግራም የሚዘዋወሩ የመልስ ቁልፎች ስህተት ስለማያጣቸው፣ ሁላችሁም በስሌት ከቁልፉ የተለየ መልስ ላይ ከደረሳችሁ ቁልፉን ተጠራጠሩ።

የተለያየ ትምህርት ቤት ያወጣውን ሞዴል ፈተና ውጤት ማወዳደር ሌላ ጥንቃቄ ይፈልጋል። የክፍሉ አማካይ 70 በሆነበት 72 ማምጣትና አማካዩ 40 በሆነበት 58 ማምጣት ሲተያዩ የኋለኛው የተሻለ ሊሆን ይችላል። አማካዩን ማወቅ ካልቻላችሁ ወረቀቶቹን ተለዋውጣችሁ ሥሩ። በአንድ ወረቀት ላይም ቢሆን ጥቂት ማርክ አታጋንኑ፦ ግማሹን የሚያገኝ ተማሪ በ50 ጥያቄ ላይ እንደ ጥያቄዎቹ አመራረጥ ሦስት አራት ጥያቄ ወዲያና ወዲህ ቢል የተለመደ ነው፤ ይህም ከመቶ 6 እስከ 8 ማርክ ማለት ነው። በ4 ማርክ መበለጥ የጥናት ዕቅድ የሚለውጥ ምክንያት አይደለም።

መጨረሻ ላይ ያቆያችሁትን ክፍል አውጥታችሁ ሥሩና ከመጀመሪያው ሠንጠረዥ ጋር አስተያዩ። የምትመለከቱት ድምሩን ብቻ ሳይሆን «እ» ተብለው የተሳቱት መቀነስ አለመቀነሳቸውንና የስሌት ስህተቱ የት እንደደረሰ ነው። ከ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ጀምሮ ፈተናው በዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ በማደር መሰጠት በመጀመሩ፣ የወሎ ዩኒቨርሲቲ የደሴም ሆነ የኮምቦልቻ ግቢ ቢደርሳችሁ መጽሐፉን ሁሉ ለመከለስ የሚበቃ ጊዜ እዚያ አይኖራችሁም። ስለዚህ ከመግባታችሁ በፊት ባሉት ቀናት አዲስ ወረቀት መሥራት አቁሙና በሠንጠረዡ ላይ የተደጋገሙትን ስህተቶች ብቻ መልሳችሁ ሥሩ።