ከቁራሌው ብረት ልዩ ብስክሌት ሲሠራ የሚደጋገሙ ስህተቶች

ሁለት ፍሬም ደራርቦ ባለ ፎቅ ብስክሌት ማቆም፣ የኋላውን አስረዝሞ ጭነት የሚችል ማድረግ፣ የፊቱን ሹካ አርዝሞ ወደ ኋላ ተንጋሎ የሚነዳ ማውጣት፤ ሦስቱም በግቢ ውስጥ በአንድ የብየዳ ማሽንና በአንድ ግራይንደር ይሠራሉ። ብረቱ ከምናለሽ ተራ ይገዛል፣ ወይም ቁራሌው በር ድረስ ይዞት ይመጣል። ሥራው ሲበላሽ ሰው ሁሉ በያጁን ይወቅሳል። ጥፋቱ ግን አብዛኛውን ጊዜ ማሽኑ ከመሰካቱ በፊት፣ ዕቃው ሲመረጥና ሲለካ የተፈጸመ ነው።

1. ፍሬሙን በዓይን ብቻ አይቶ መግዛት

ለዕቃ ግዢ ሲወጡ ማግኔትና አራት ሜትር ያህል ሲባጎ ይያዙ። ከተሰበረ ድምፅ ማጉያ የወጣ ማግኔት ይበቃል። ማግኔቱ ፍሬሙ ላይ ካልተጣበቀ ብረቱ አሉሚኒየም ነው፤ በተራው የኤሌክትሮድ ማሽን ከብረት ጋር አይበየድም፣ ስለዚህ ለዚህ ሥራ ይተውት። ከአሉሚኒየም ብስክሌት የሚጠቅመው ቸርኬው፣ ፍሬኑና ፔዳሉ ነው።

ሲባጎው ፍሬሙ መጣመሙን ይነግራል። አንዱን ጫፍ የኋላው ጎማ ከሚታሰርበት ከቀኙ ጆሮ ላይ ይሰሩ፣ ወደ ፊት ወስደው በመሪው ቱቦ ያዙሩት፣ መልሰው በግራው ጆሮ ላይ ወጥረው ይሰሩት። ከዚያ ከሲባጎው እስከ ኮርቻው ቱቦ ያለውን ርቀት በግራም በቀኝም ይለኩ። ልዩነቱ ከ3 ሚሊ ሜትር ከበለጠ ፍሬሙ ጠማማ ነው። ጠማማ ፍሬም ላይ ሌላ ፍሬም ሲጨምሩበት ጥመቱ አይደበቅም፣ ይባዛል።

በመጨረሻ ከመሪው ቱቦ ጀርባ፣ ሁለቱ ቱቦዎች የሚገናኙበትን የታችኛውን ገጽ በጣት ይዳብሱ። በቀለሙ ሥር እንደ ጨርቅ ሽብሽብ ያለ ነገር ከተሰማዎት ብስክሌቱ በፊት ለፊት ተጋጭቷል። የፔዳሉን ቤት (የፔዳሎቹ ዘንግ የሚያልፍበትን አጭር ቱቦ) ከፍተው ውስጡን በምስማር ይውጉት፤ ውሃ የሚጠራቀመው እዚያ ስለሆነ ብረት የሚበሰብሰውም እዚያ ነው። ምስማሩ ከሰረገ አይግዙ።

2. «26 ነው» በሚል ቃል ጎማ መግዛት

26 የሚባል አንድ ልክ የለም። የተራራ ብስክሌቱ 26 የቸርኬው ዲያሜትር 559 ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ 26×1 3/8 የተጻፈበት ደግሞ 590 ነው። ሁለቱም 26 ይባላሉ፣ አንዱ ጎማ በሌላው ቸርኬ ላይ ግን አይገባም። 28ም እንዲሁ ነው፦ ትልልቆቹ የድሮ ብስክሌቶች 28×1 1/2 ሲሆኑ ልካቸው 635 ነው፤ 700 የሚባለው 622 ነው። ባለ 20ውም 406 እና 451 አለው። ጎማው ጎን ላይ 47-559 የመሰለ ቁጥር ይፈልጉ፤ የመጀመሪያው ስፋቱ፣ ሁለተኛው የቸርኬው ልክ ነው። የሚያምኑት ሁለተኛውን ብቻ ነው። ቁጥሩ ከጠፋ ጎማውንና ቸርኬውን እዚያው ሱቁ ፊት አጋጥመው ይሞክሩ።

3. ግራና ቀኙን መዘንጋት

ብስክሌት ላይ ሁሉም ነገር ወደ ቀኝ አይጠብቅም። የግራው ፔዳል የሚጠብቀው ወደ ግራ ሲዞር ነው። የፔዳሉ ቤት የኩሽኔታ መያዣ ደግሞ በተለመደው ልክ (ዲያሜትሩ 1.37 ኢንች፣ በኢንች 24 የብሎን ጥርስ፣ የቤቱ ስፋት 68 ሚሊ ሜትር) በሰንሰለቱ በኩል ወደ ግራ ይጠብቃል። ይህን የማያውቅ ሰው ዝገት መስሎት መፍቻውን በቱቦ እያስረዘመ ይታገላል፣ በመጨረሻም ቤቱን ያበላሸዋል።

ባለ ፎቅ የሚሠሩ ብዙዎች የላይኛውን ፍሬም ገልብጠው ይበይዱታል። ፍሬም ሲገለበጥ ግራው ቀኝ ይሆናል፤ በግራ የሚጠብቀው ጎን ከሰንሰለቱ ተቃራኒ ይውላል፣ ሲነዳም ኩሽኔታው ቀስ በቀስ ይላላል። ከመበየድዎ በፊት የትኛው ጎን የት እንደሚውል በጠመኔ ይጻፉበት። ባለ ሦስት እግር ለመሥራት የኋላ ቸርኬን ገልብጦ ጥርሱን በግራ ማድረግም ያው ጥፋት ነው፦ ጥርሱ ሲነዳ ይፈታል፣ ፍሪ ዊሉም (ፔዳሉ ቆሞ ጎማው እንዲዞር የሚያደርገው ክፍል) ወደተሳሳተው አቅጣጫ ይይዛል።

4. ጎማውን በጉልበት ማስገባት

የፊት ዘንግ ስፋት ብዙውን ጊዜ 100 ሚሊ ሜትር ነው። የኋላው ግን ባለ አንድ ፍጥነቱ 110 ወይም 120፣ ባለ ብዙ ፍጥነቱ 126፣ 130 ወይም 135 ሊሆን ይችላል። ብረት ፍሬም ሁለት ሦስት ሚሊ ሜትር ይለጠጣል፤ ከዚያ በላይ ግን አንዱ ጆሮ ብቻ ይከፈትና ጎማው ወደ አንድ ወገን ያጋድላል። ጠባብ ዘንግ ለሰፊ ፍሬም ከሆነ ፍሬሙን አይጭመቁ፣ በሁለቱም በኩል እኩል ሮንዴላ ይጨምሩ።

5. ቱቦን ከቱቦ ጫፍ ለጫፍ መበየድ

ከዚህ ሁሉ ሰው የሚጎዳው በዚህኛው ነው። የርካሽ ብስክሌት ቱቦ ውፍረቱ ከ1.2 እስከ 2 ሚሊ ሜትር ነው። ለበርና ለመስኮት በሚውለው ባለ 2.5 ኤሌክትሮድ ከሄዱበት ቱቦው ይበሳል፤ ቀዳዳውን ለመድፈን ሲሞሉት ውጪው ወፍራም፣ ሥሩ ክፍት የሆነ ብየዳ ይወጣል። ባለ 2 ሚሊ ሜትር ኤሌክትሮድ ይውሰዱ፣ ማሽኑን ከ40 እስከ 60 አምፔር ያድርጉ፣ ነጥብ ነጥብ እያደረጉ ይሂዱ።

ቱቦን ለማስቀጠል ወደ ውስጡ ልክክ ብሎ የሚገባ ሌላ ቱቦ ያግኙ። ከመጋጠሚያው በየጎኑ ቢያንስ 5 ሴንቲ ሜትር ይግባ። በውጪው ቱቦ ላይ ከመጋጠሚያው ራቅ ብለው በየጎኑ ሁለት ሁለት ቀዳዳ በ8 ሚሊ ሜትር መሰርሰሪያ ይብሱ፣ ቀዳዳዎቹን በብየዳ ይሙሏቸው፣ ከዚያ መጋጠሚያውን ዙሪያውን ይበይዱ። እንዲህ የተያዘ ቱቦ ሸክሙን በአንዲት ቀጭን መስመር ብቻ አይሸከምም። ማዕዘን ላይ ደግሞ ቱቦው በሞረድ እንደ አፍ ተበልቶ በሌላው ቱቦ ላይ ብርሃን ሳያሳልፍ መቀመጥ አለበት። በብየዳ የሚሞላ ክፍተት ነገ የሚሰነጠቅ ቦታ ነው።

ብየዳ ብረትን ይጎትታል። አንዱን ጎን ጨርሰው ወደ ሌላው ከዞሩ ፍሬሙ ወደበየዱት ጎን ይታጠፋል። መጀመሪያ በአራት ነጥብ ብቻ ይያዙት፣ በሲባጎ ይለኩት፣ ከዚያ ላይ፣ ታች፣ ግራ፣ ቀኝ እያቀያየሩ 2 ሴንቲ ሜትር ያህል እየበየዱ ይሂዱ። ውሃ አይድፉበት፤ በራሱ ይብረድ። ኩሽኔታዎቹን አስቀድመው ያውጡ፣ የማሽኑን መሬት (የመመለሻ ገመዱን መቆንጠጫ) የሚበየደው ቦታ አጠገብ ይያዙት፤ አለዚያ ኤሌክትሪኩ በኩሽኔታው በኩል አልፎ ኳሶቹን ይበላቸዋል።

የውሃ ቱቦ ጠንካራ ስለሆነ ብዙ ሰው ይመርጠዋል። ጋልቫናይዝድ ከሆነ ግን ሲቃጠል የሚወጣው ነጭ ጭስ ዚንክ ነው። ከጥቂት ሰዓት በኋላ ብርድ ብርድ ይላል፣ ትኩሳትና የሰውነት መቆረጣጠም ይከተላል። ወተት መጠጣት ይህን አይከላከልም። የሚበየደውን ቦታ በየጎኑ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል በግራይንደር ባዶው ብረት እስኪታይ ገፍፈው፣ በክፍት ቦታ፣ ነፋሱን ከኋላዎ አድርገው ይሥሩ። ኒኬልና ክሮም የተቀባ መሪ ወይም ሹካም መገፈፍ አለበት፤ የክሮም ጭስ ከዚንኩ ይብሳል።

6. ሁለቱን የመሪ ቱቦዎች በዓይን መግጠም

በባለ ፎቁ ላይ መሪው ላይ፣ ሹካው ታች ነው፤ የሹካው አንገት ረዝሞ በሁለት ቱቦዎች ውስጥ ያልፋል። ቱቦዎቹ በአንድ መስመር ካልሆኑ መሪው ይነክሳል፣ ኩሽኔታውም በሳምንት ያልቃል። ፍሬሞቹን ከማያያዝዎ በፊት አንድ ቀጥ ያለ ቱቦ በሁለቱም ውስጥ ያሳልፉ፤ በጣት ሲዞር በነፃነት መሽከርከር አለበት። ቱቦው ውስጥ እንዳለ ነጥብ ነጥብ ይበይዱ፣ እንደገና ያዙሩት፣ ከያዘ ነጥቡን ቆርጠው ያስተካክሉ። በአራት ነጥብ የተያዘን ማቃናት የአሥር ደቂቃ ሥራ ነው፤ ተበይዶ ያለቀውን ማቃናት ግን አዲስ ፍሬም መሥራት ነው።

7. ሹካውን እንዳማረው ማርዘም

ቀጥ ያለ እንጨት በመሪው ቱቦ መስመር ይዘው እስከ መሬት ያውርዱ። እንጨቱ መሬት የሚነካው ጎማው መሬት ከሚነካበት ነጥብ ቀድሞ፣ በተለመደ ብስክሌት ከ5 እስከ 6 ሴንቲ ሜትር ወደ ፊት ነው። ብስክሌቱን በቀጥታ የሚያስኬደው ይህ ልዩነት ነው። ሹካው ሲረዝም የመሪው ቱቦ ይተኛል፣ ልዩነቱም ያድጋል። 15 ሴንቲ ሜትር ሲደርስ በፈጣን መንገድ ላይ የተረጋጋ ይመስላል፣ ቀስ ሲሉ ግን መሪው በራሱ ወደ ጎን ይወድቃል፤ ጠባብ መንገድ ላይ መታጠፍ ያቅታል። እንጨቱ ከጎማው ነጥብ ኋላ ካረፈ ብስክሌቱ ቀጥ ብሎ አይሄድም። ሹካውን ለማርዘም ከፈለጉ የመሪው ቱቦ የተተከለበትን ማዕዘን አብረው ይቀይሩ። የሚሰበረው ቦታ ደግሞ የሹካው አንገት ከትከሻው የሚገናኝበት ነው፤ የድሮ ብስክሌት አንገት ውጪው 25.4 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው፣ እጥፍ የረዘመ ሹካ እንዲሸከም አልተሠራም።

8. በከፍታ ላይ የፊት ፍሬንን ብቻ ማመን

በተለመደ ብስክሌት የነጂውና የብስክሌቱ የክብደት ማዕከል ከመሬት 1.1 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ፣ ከፊት ጎማው ነጥብ 60 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ኋላ ይሆናል። በባለ ፎቁ ከፍታው ወደ 1.7 ሜትር ሲያድግ የኋላ ርቀቱ ያው ነው። 60ን ለ110 እና 60ን ለ170 ቢያካፍሉ ከ0.55 ወደ 0.35 ይወርዳል፤ ሳይገለበጡ ሊያቆም የሚችለው የፍሬን ኃይል ከሲሶ በላይ ቀነሰ ማለት ነው። ከእንጦጦ ቁልቁለት ላይ ይህ ቀልድ አይደለም። ስለዚህ ሁለት ለየብቻ የሚሠሩ ፍሬኖች ይኑሩ፣ የኋላውም በደንብ ይያዝ። የድሮዎቹ በብረት ዘንግ የሚሳቡ ፍሬኖች ዝናብ የነካውን የኒኬል ቸርኬ አይይዙም፤ አሉሚኒየም ቸርኬ ይግጠሙ። ከተራ ብስክሌት የወጣ የፍሬን ገመድ ለዚህ ከፍታ አይደርስም፤ ሁለት ገመድ አይቀጥሉ፣ ረጅሙን ይግዙ።

9. አሮጌ ሰንሰለት ከአዲስ ጋር ማያያዝ

ረጅሙም ባለ ፎቁም ከአንድ በላይ ሰንሰለት ይፈጃል። የሰንሰለት አንድ መጋጠሚያ ግማሽ ኢንች ነው፤ ስለዚህ 24 መጋጠሚያ በትክክል 304.8 ሚሊ ሜትር መሆን አለበት። 306.5 ከሞላ አልቋል፤ 308 ከደረሰ ጥርሱንም በልቶታል። ሁለቱ ሰንሰለቶች እኩል ካልሆኑ በአንዱ ግማሽ ላይ ጥርሱን እየዘለለ ይሄዳል። በመያዣ ክሊፕ ሲያገናኙ የክሊፑ የተዘጋ ጫፍ በላይኛው መስመር ወደ ፊት ይዙር፣ ክፍት ጫፉ ነገር ነክቶ እንዳይከፈት። ለረዘመው ሰንሰለት ከአሮጌ ማርሽ መቀየሪያ የወጣ መወጠሪያ ይግጠሙ። መሃሉ ላይ በጣት ሲገፋ ከ1 እስከ 1.5 ሴንቲ ሜትር ቢንቀሳቀስ ልክ ነው።

የጥርሱን ብዛትም እዚህ ላይ ያስቡ። ፊት 48፣ ኋላ 18 ከሆነ በባለ 26 ጎማ አንድ የፔዳል ዙር 5.5 ሜትር ያስኬዳል። ለባሕር ዳር ሜዳ ጥሩ ነው፣ ለጭነትና ለአዲስ አበባ ዳገት ግን አይሆንም። 36 በ22 ቢያደርጉት 3.4 ሜትር ይሆናል።

10. ቀለም ቀብቶ መሞከር

ቀለም ስንጥቅን ይሸፍናል። አንቲረስቱ ሳይነካው አሸዋ የሞላ የሲሚንቶ ከረጢት (ከ50 ኪሎ በላይ ይመዝናል) ፖርቶመጋላው ላይ አስረው፣ ብስክሌቱን እየገፉ ከጠርዝ ድንጋይ አሥር ጊዜ ያውርዱት። ከዚያ ብየዳዎቹን በላምባ ይቀቡ፣ ጥቂት ደቂቃ ቆይተው በደረቅ ጨርቅ አጥርተው ይጥረጉ፣ የተፈጨ ጠመኔ ይበትኑበት። ስንጥቅ ካለ ላምባው ከውስጡ ይወጣና ነጩ ጠመኔ ላይ ቀጭን ጥቁር መስመር ይሥላል። መስመሩን ካዩ በላዩ ላይ አይበይዱ፤ ስንጥቁ እስኪያልቅ ድረስ በግራይንደር ቆፍረው ያውጡት፣ እንደገና ይበይዱ፣ ማዕዘኑን በ3 ሚሊ ሜትር ላሜራ ደግፈው ጠመኔውን ይድገሙት።