የጣና ዳር አየር፦ መቼ መስኮት እንደሚከፈት፣ መቼ እሳት እንደሚነድ

ባሕር ዳር በሐይቅ ዳር የተቆረቆረች፣ ዛፍ የበዛባት ከተማ በመሆኗ አየሯ ክረምት ከበጋ ንጹሕ እንደሆነ አድርገን እንወስዳለን። ይሁን እንጂ በጥር ማለዳ ወደ ቤዛዊት ኮረብታ ወጥቶ ቁልቁል የተመለከተ ሰው፣ ከዛፎቹ አናት ብዙም ከፍ ሳይል እንደ ስስ ነጠላ የተዘረጋ ግራጫ ጭስ ያያል፤ ያ ጭስ ረፋድ ላይ ፀሐይ ስትበረታ ይበተናል። አየራችንን ለመጠበቅ የሚፈልግ ሰው እንግዲህ ከሁሉ በፊት ወቅቱንና ሰዓቱን መለየት አለበት።

በበጋ ሌሊት ሰማዩ ጥርት ሲል መሬት ሙቀቷን ቶሎ ትለቅና ከሥር ያለው አየር ይቀዘቅዛል፤ ሞቅ ያለው አየር ደግሞ ከላይ ሆኖ እንደ ክዳን ስለሚጫነው የምድጃው፣ የከሰሉና የባጃጁ ጭስ ወደ ላይ መውጫ ያጣል። ነፋሱም በሰዓት ይለዋወጣል። ቀን የብሱ ከውሃው ፈጥኖ ስለሚሞቅ ነፋሱ ከሐይቁ ወደ ከተማው ይገባል፤ ሌሊት ግን ተገላብጦ ከከተማው ወደ ሐይቁ ይወርዳል። በዚህ ምክንያት ንጋት ላይ የሐይቁ ዳርቻ ከመንደር ውስጥ የተሻለ አየር አለው ማለት አይቻልም፤ ብዙዎቻችን የምንሳሳተውም እዚህ ላይ ነው።

ስለዚህ ከኅዳር እስከ ጥር ባሉት ወራት ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ በሐይቁ ዳር መሮጥ የለመደ ሰው ልምምዱን ከረፋዱ 4 ሰዓት በኋላ ወይም ከሰዓት በኋላ ቢያደርገው ለሳንባው ይበጀዋል፤ በተለይ አስም ያለበት ሰው ይህን ችላ ሊለው አይገባም። የመኝታ ቤት መስኮትም ማታ ጎረቤት እሳት ከማያያዙ በፊት ተዘግቶ፣ ረፋድ ላይ ነፋሱ ከሐይቁ በኩል መምጣት ሲጀምር በሰፊው ይከፈት። ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ ሰብስቦ የማቃጠሉ ልማድ በ1911 ዓ.ም. ከደረሰው የኅዳር በሽታ ጋር የተያያዘ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። ጽዳቱ እጅግ መልካም ነው፤ ነገር ግን ፌስታልና ጎማ ሲቃጠሉ የሚወጣው ጭስ መርዛማ በመሆኑ፣ ፕላስቲኩን ለይቶ ለቆሻሻ ሰብሳቢዎች መስጠት ያስፈልጋል።

ከደጁ አየር ይልቅ አብዝቶ የሚያሳስበኝ የማዕድ ቤቱ ነው። እናቴ እንጀራ ስትጋግር አጠገቧ ተቀምጬ ነው ያደግሁት፤ ከጣሪያው የተንጠለጠለው ጥቀርሻ እንደ ጥቁር ፈትል ሲወዛወዝ እስከ ዛሬ ይታየኛል። ጣሪያው ላይ የቀረው ያ ብቻ ነው፤ የተረፈውን እርሷ ስትተነፍሰው ኖራለች። እጅግ የሚጎዳው ደግሞ በዓይን የማይታየው ብናኝ ነው፤ ፒኤም 2.5 የሚባለው ይህ ብናኝ ከፀጉር ዘለላ ውፍረት 30 ጊዜ ያህል ስለሚያንስ እስከ ሳንባ ጥልቀት ይዘልቃል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው መመሪያ የዚህ ብናኝ የ24 ሰዓት አማካይ መጠን በአንድ ሜትር ኩብ አየር ውስጥ ከ15 ማይክሮ ግራም እንዳይበልጥ ይመክራል። መብራት ባለበት ቀን በኤሌክትሪክ ምጣድ መጋገር፣ በእንጨት ሲሆን ደግሞ በደንብ የደረቀና በቀጭኑ የተፈለጠ እንጨት መጠቀም፣ እሳቱን ዙሪያውን የሚሸፍን ምድጃ መሥራትና ጭስ መውጫ ማበጀት ያስፈልጋል። ሕፃን አዝሎ መጋገር ግን ጨርሶ መቅረት አለበት።

ከየካቲት እስከ ሚያዝያ አቧራው ይበረታል። ደጅ ከመጠረጉ በፊት ውሃ ይረጭ፤ ነጠላ አፍንጫ ላይ ማድረግ ሻካራውን አቧራ እንጂ ረቂቁን ብናኝ ስለማያስቀር፣ በባጃጅ ብዙ ሰዓት የሚውል ሰው ፊቱ ላይ በደንብ የሚገጥም ኤን 95 ጭንብል ቢያደርግ ይመረጣል።

ሰኔ ሲገባ ዝናቡ የደጁን አየር ያጥበዋል፤ በዚያው ልክ በርና መስኮቱ ስለሚዘጋና እንጨቱ ስለሚረጥብ የቤት ውስጡ ጭስ ይብሳል። ማገዶ በግንቦት ተገዝቶ ዝናብ በማይነካው ቦታ፣ ከመሬት ከፍ ብሎ ይደርደር። ከሰል ደጅ ተያይዞ፣ ፍሙ አመድ እስኪለብስ ይቆይ፤ ለቡና ወደ ቤት ሲገባም በርና መስኮት ክፍት ይሁን። ጭሱ ጠፋ ማለት አደጋው አለፈ ማለት አይደለም፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የለውም። ስለሆነም የሚነድ ከሰል በምንም ምክንያት ሰው ወደሚተኛበት ክፍል አይግባ፤ ፍም ባለበት ቤት ራስ ምታት፣ ማዞር ወይም ማቅለሽለሽ የተሰማው ሰው ወዲያውኑ ወደ ደጅ ወጥቶ ወደ ጤና ተቋም ይሂድ።