በካርታ ሥራ ላይ የሚደጋገሙ ስህተቶች፦ ከቀለም አመዳደብ እስከ ፕሮጀክሽን

የሕዝብ አሰፋፈርን፣ ፍልሰትን ወይም የከተማ እድገትን የሚያሳይ ካርታ ሲያሳስት ጥፋቱ ብዙ ጊዜ የመረጃው አይደለም። ቁጥሩ ትክክል ሆኖ ሳለ የካርታው ዓይነት ወይም ፕሮጀክሽኑ (ክብ ምድርን በጠፍጣፋ ወረቀት ላይ የማሳያው ዘዴ) ለተነሣው ጥያቄ የማይሆን ሆኖ ነው። ተማሪዎችም ሆኑ የቢሮ ባለሙያዎች አብዝተው የሚወድቁባቸው እነዚህ ናቸው።

ድምር ቁጥርን በቀለም መቀባት

ኮሮፕሌት የሚባለው፣ ክልሎችን ወይም ወረዳዎችን በቀለም ድምቀት የሚለየው ካርታ የተሠራው ለምጣኔ ነው፤ በካሬ ኪሎ ሜትር ስንት ሰው፣ ከመቶ ስንት የተማረ ለሚል ጥያቄ። የነዋሪ ድምር ሲቀባበት ግን ዓይን የመሬቱን ስፋት ከቁጥሩ ጋር ይቀላቅለዋል። ሶማሌ ክልል ሰፊ ስለሆነ ወረቀቱን ይሞላል፤ አዲስ አበባ በ527 ካሬ ኪሎ ሜትሯ የእርሳስ ጫፍ ታህላለች። ድምር ማሳየት ከተፈለገ ነጥብ ወይም ክብ ይሻላል።

ወደ ምጣኔ ከተለወጠ በኋላም ሌላ ወጥመድ አለ፤ እሱም የደረጃ አከፋፈል ነው። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ አዲስ አበባ 2.7 ሚሊዮን ያህል ነዋሪ ነበራት፤ በካሬ ኪሎ ሜትር ከ5,000 በላይ ማለት ነው። ቀጥሎ የሚመጣው ሐረሪ 600 እንኳ አይደርስም። ይህን መረጃ ሶፍትዌሩ በአምስት እኩል ስፋት ባላቸው ደረጃዎች እንዲከፍል ቢታዘዝ አንዱ ደረጃ ብቻ 1,000 ገደማ ይሆናል። ስለዚህ የያኔዎቹ ዘጠኝ ክልሎችና ድሬዳዋ ሁሉም አንደኛው ደረጃ ውስጥ ይታጨቃሉ፣ አዲስ አበባ ብቻዋን አምስተኛው ላይ ትቀራለች፣ መካከለኞቹ ሦስቱ ባዶ ናቸው። አፋርና አማራ አንድ ዓይነት ቀለም ለበሱ ማለት ነው።

መፍትሔው ቀላል ነው። ቀለም ከመምረጥ በፊት ቁጥሮቹን ከትንሽ ወደ ትልቅ መደርደር፣ ክፍተቱ የት እንደሆነ ማየት፣ እንደ አዲስ አበባ ያለውን ተለይቶ የወጣ ቁጥር ለብቻው ደረጃ መስጠት፣ የቀሩትን ክፍተቱን ተከትሎ በአራት ወይም በአምስት መክፈል። በየደረጃው እኩል ብዛት ያላቸውን ክልሎች የሚያስገባው ዘዴም አለ፤ ግን ተቀራራቢ ቁጥር ያላቸውን ሁለት ክልሎች በግድ ሊለያይ ስለሚችል የካርታው ምልክት መፍቻ ላይ የደረጃዎቹን ወሰኖች ማየት ያስፈልጋል። ቀለሙ ከፈዛዛ ወደ ደማቅ የሚሄድ አንድ ዘር ይሁን። ቀይና አረንጓዴን መለየት የማይችል አንባቢ መኖሩም አይዘንጋ።

የክቡን ሬዲየስ በቁጥሩ ልክ ማሳደግ

100,000 ነዋሪ ላላት ከተማ 3 ሚሊ ሜትር ሬዲየስ ከተሰጠ፣ 400,000 ላላት የሚገባው 6 ነው፤ 12 ከሆነ ክቡ በስፋት 16 እጥፍ ይሆናል። የሚያድገው ስፋቱ ስለሆነ የቁጥሩ ካሬ ሩት ይወሰዳል።

ሜርካቶርን ለስፋት ማወዳደሪያ መጠቀም

በ1569 እ.ኤ.አ. የወጣው የሜርካቶር ካርታ ለመርከበኛ ነው። አቅጣጫ ስለሚጠብቅ ኮምፓስ ይዞ ለሚጓዝ ይመቻል፤ ስፋትን ግን ይተዋል። በ60 ዲግሪ ኬክሮስ ላይ ርዝመት በእጥፍ፣ ስፋት በአራት እጥፍ ያብጣል። ግሪንላንድ ከአፍሪካ ጋር እኩል የመሰለችው ለዚህ ነው፤ አፍሪካ 14 ጊዜ ያህል ትበልጣታለች። በአዲስ አበባ ኬክሮስ ግን የስፋቱ ስህተት 2.5 በመቶ ገደማ ብቻ ስለሆነ፣ ኢትዮጵያን ብቻ በሚያሳይ ካርታ ላይ ሜርካቶርን መውቀስ ብዙም ትርጉም የለውም።

በስልክና በድረ ገጽ ላይ ያሉት ካርታዎች የዚሁ ዝርያ ናቸው። በዚያ ፕሮጀክሽን ላይ በቀጥታ የ1,000 ሜትር ክብ ከተሣለ በአዲስ አበባ መሬት ላይ 988 ሜትር ያህል ነው፤ በስቶክሆልም ግን 510 ብቻ። የሁለቱን ከተሞች የትምህርት ቤት ርቀት የሚያወዳድር ጥናት በዚህ ብቻ ይበላሻል።

ቀጥ ያለ መስመርም አጭር መንገድ አይደለም። ከአዲስ አበባ ዋሽንግተን በሜርካቶር ላይ በማስመሪያ ቢሠመር በቻድና በኒጀር ያልፋል፤ አጭሩ መንገድ ግን በሊቢያና በስፔን በኩል ወደ ሰሜን ይጎብጣል።

ጋል-ፒተርስን «እውነተኛው ካርታ» ማለት

ይህ ፕሮጀክሽን ስፋትን ይጠብቃል፣ እውነት ነው። ዋጋውን የሚከፍለው ቅርጽ ነው፤ ኢትዮጵያ ከጎኗ ተጨምቃ ወደ ላይና ወደ ታች ሁለት እጥፍ ያህል ትለጠጣለች። ለዓለም የሕዝብ ጥግግት ካርታ በ2018 እ.ኤ.አ. የወጣው ኢኳል ኧርዝ የተባለው ፕሮጀክሽን ስፋትን ጠብቆ ቅርጹንም ያን ያህል አያዛባም፤ የእኛም ምርጫ እሱ ነው።

የዩቲኤም ዞንን መዘንጋት

ይህኛው ብዙ ሰዓት ያባክናል። ዩቲኤም ዓለምን በ6 ዲግሪ ኬንትሮስ ስፋት ዞኖች ከፍሎ ቦታን በሜትር የሚመዘግብ ሥርዓት ነው። ኢትዮጵያ በ36፣ በ37 እና በ38 ዞኖች ላይ ታርፋለች፤ ወሰኖቹ 36 እና 42 ዲግሪ ኬንትሮስ ናቸው። ድሬዳዋና ሐረር በቀጥታ መስመር 45 ኪሎ ሜትር እንኳ ባይራራቁም የ42 ዲግሪው መስመር በመካከላቸው ያልፋል። የድሬዳዋ የምሥራቅ ንባብ (ወደ ምሥራቅ በሜትር የሚቆጠረው) በዞን 37፣ 814,000 ገደማ፣ የሐረር በዞን 38፣ 184,000 ገደማ ነው። ሁለቱ በአንድ ሠንጠረዥ ገብተው ዞን 37 ተብሎ ከተጫነ ሐረር ወለጋ ላይ ትወድቃለች። ስለዚህ ከመስክ ሲመጣ ዞኑ በራሱ ዓምድ ይጻፍ፣ ወይም ነጥቡ በዲግሪ ይመዝገብ። ለአገር አቀፍ የስፋት ስሌት ደግሞ 9 ዲግሪ ሰሜንና 40 ዲግሪ ምሥራቅ አካባቢ ላይ ያማከለ፣ ስፋት የሚጠብቅ ፕሮጀክሽን ይመረጥ።

የዚሁ ታናሽ ወንድም አዲንዳን ነው። የቀድሞዎቹ የ1:50,000 ካርታዎች በአብዛኛው በአዲንዳን ዳተም (ቦታ የሚለካበት የምድር ቅርጽ መነሻ) ተሠርተዋል፤ ጂፒኤስ ደግሞ በሌላ ዳተም፣ በደብሊውጂኤስ 84 ያነባል። ልዩነቱ ከ200 ሜትር በላይ ነው፤ በወረቀቱ ላይ ከ4 ሚሊ ሜትር በላይ። ምልክቱ ይታወቃል፤ መንገዱም ወንዙም በአንድ አቅጣጫ እኩል ተገፍቶ ይገኛል። በእጅ ጎትቶ ማስተካከል አይገባም፤ ለዞን 37 የቆየው ካርታ በኢፒኤስጂ (የፕሮጀክሽንና የዳተም መለያ) ኮድ 20137፣ የጂፒኤሱ በ32637 ይጫንና ሶፍትዌሩ ይለውጠው።

ፎቶ ኮፒ የተደረገ ካርታን በተጻፈው መስፈርት (ስኬል) ማንበብ

ከኤ3 ወደ ኤ4 የተቀነሰ 1:50,000 ካርታ 1:70,700 ያህል ሆኗል፤ ጽሑፉ ግን አልተለወጠም። የመስመር መስፈርቱ (ርቀት ተጽፎበት በካርታው ላይ የተሠመረው መስመር) አብሮ ስለሚያንስ ለሚባዛ ካርታ እሱ ይቀመጥ።

የአንድ ዘመን ቁጥር በሌላ ዘመን ወሰን ላይ

የ1999ኙ ቆጠራ ደቡብን እንደ አንድ ክልል ያያል። ከዚያ በኋላ ሲዳማ፣ ደቡብ ምዕራብ፣ ማዕከላዊና ደቡብ ኢትዮጵያ ተለይተዋል። የድሮውን የክልል አኃዝ ለአራቱ በግምት ማካፈል ሳይሆን ወደ ዞንና ወረዳ ወርዶ እንደገና መደመር ይገባል፤ ወረዳውም ተከፍሎ ከሆነ ካርታው በ1999 ወሰን ይሠራና ዓመተ ምሕረቱ ርእሱ ላይ ይጻፍ።