ቀዳዳ የበዛበት ዚንክ ኦክሳይድ እንዴት ይሠራል? የማቅለሚያ ብክለትን የሚያፈርስ ዱቄት

ከጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የወጣ ባለቀለም ውሃ ወንዝ ከገባ ብርሃን ወደ ታች እንዳይዘልቅ ይጋርዳል። ብዙዎቹ ማቅለሚያዎች ደግሞ በቀላሉ አይበሰብሱም። የዚንክና የኦክስጅን ውህድ የሆነው ዚንክ ኦክሳይድ አልትራቫዮሌት ብርሃን ሲያርፍበት ማቅለሚያውን ይሰባብረዋል። ሥራው የሚካሄደው በዱቄቱ ገጽ ላይ ስለሆነ ቀዳዳው በበዛ ቁጥር ገጹ ይሰፋል፤ ሥራውም ይሻላል።

ይህ የቤተ ሙከራ ሥራ ነው፤ ማድ ቤት ውስጥ አይሞከርም። ኦክሳሊክ አሲድ መርዛማ ነውና ጓንትና መነጽር አድርጉ።

2.2 ግራም ዚንክ አሲቴት ዳይሃይድሬት (ውሃ ያዘለው ዓይነት) በ100 ሚሊ ሊትር የተጣራ ውሃ አሟሙ። በሌላ ቢከር 1.26 ግራም ኦክሳሊክ አሲድ ዳይሃይድሬት በሌላ 100 ሚሊ ሊትር አሟሙ። ዚንኩን እያማሰላችሁ አሲዱን በጠብታ ጨምሩበት። ነጭ ዝቃጭ ይወጣል፤ ዚንክ ኦክሳሌት ነው። ግማሽ ሰዓት ከተማሰለ በኋላ አጥልሉት፣ ደጋግማችሁ እጠቡት፣ በ80 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አድርቁት።

ዋናው ነገር አሁን ነው። ዱቄቱን በክሩሲብል (ከፍተኛ ሙቀት በሚችል ትንሽ ዕቃ) አድርጋችሁ ፈርነስ (የቤተ ሙከራ ምድጃ) ውስጥ አስገቡ። ሙቀቱን በደቂቃ ከ2 እስከ 5 ዲግሪ ብቻ እየጨመራችሁ 450 አድርሱትና 2 ሰዓት አቆዩት። መጀመሪያ በዱቄቱ ውስጥ የታሰረው ውሃ፣ ቀጥሎ ካርቦን ሞኖክሳይድና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከውስጥ እየወጡ ቀዳዳ ይተዋሉ፤ የእንጀራ ዓይን በሚወጣው ጋዝ እንደሚከፈተው ማለት ነው። ከክብደቱ ከግማሽ በላይ በዚህ ይሄዳል። ቢበዛ 0.8 ግራም ገደማ ነው የሚቀራችሁ፤ አትደንግጡ። ካርቦን ሞኖክሳይድ ገዳይ ስለሆነ ፈርነሱ የግድ ጋዝ መሳቢያ ሥር ይሁን። ቶሎ ይለቅ ብሎ ሙቀቱን ወደ 700 መስደድ ኪሳራ ነው፤ ቅንጣቶቹ ይጣበቁና ቀዳዳው ይደፈናል።

ለሙከራ በሊትር 10 ሚሊ ግራም ሜቲሊን ብሉ (ሰማያዊ ማቅለሚያ) ካለበት ውሃ 100 ሚሊ ሊትር ወስዳችሁ 50 ሚሊ ግራም ዱቄት ጨምሩ። መብራት ሳታበሩ 30 ደቂቃ በጨለማ አማስሉት። እባካችሁ ይህን አትዝለሉ! ዱቄቱ ገና ብርሃን ሳያገኝ የተወሰነ ማቅለሚያ በላዩ ይይዛል፤ መያዝ ደግሞ ማፍረስ አይደለም። ከዚያ የአልትራቫዮሌት መብራቱን አብሩ፤ በዓይናችሁ ግን አትዩት። በየ15 ደቂቃው ናሙና ቅዱ፣ ዱቄቱን በፍጥነት በሚያሽከረክረው ሴንትሪፊውጅ ለዩ፣ ውሃው ምን ያህል ብርሃን እንደሚውጥ በስፔክትሮፎቶሜትር (የብርሃን መለኪያ መሣሪያ) 664 ናኖሜትር የሞገድ ርዝመት ላይ ለኩ። ጎን ለጎን ዱቄት የሌለበትን ውሃ ለዚያው መብራት አጋልጡ፤ ብርሃኑ ብቻውን ምን ያህል እንዳደበዘዘ የምታውቁት በዚያ ነው።

ውሃው ጠራ ማለት ጸዳ ማለት አይደለም። ቀለም የሌላቸው ስብርባሪ ሞለኪውሎች ሊቀሩ ስለሚችሉ ጠቅላላ ኦርጋኒክ ካርቦኑንም (በውሃው ውስጥ ባሉ ኦርጋኒክ ውህዶች ያለውን ካርቦን በሙሉ) ማስለካት ይገባል። ፒኤቹንም (የአሲድነት መለኪያውን) ወደ 7 አካባቢ ጠብቁ። ዚንክ ኦክሳይድ በአሲድ ይሟሟል፤ ያን ጊዜ ዚንኩ ራሱ ብክለት ሆኖ ውሃው ውስጥ ይቀራል።