ማጣሪያው ለጥገና ሲቆም ጊዜያዊ ፈቃድ እንዴት ይጠየቃል

የምሠራው ኮምቦልቻ፣ አንድ ፋብሪካ ፍሳሽ ማጣሪያ ላይ ነው። አየር የሚነፋው ሞተር ሲቃጠል አለቆች የሚሉት ያው ነው፦ «አብሽር፣ ለጥቂት ቀን ፍሳሹን ሳይጣራ እንዲሁ እንልቀቀው።» አይሆንም!

የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 አንዳንድ ግዴታዎች ለተወሰነ ጊዜ እንዲነሱ በር ከፍቷል። ግን ለሕዝብ ጥቅም ሲባል ነው። የሚፈቅደውም የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣኑ እንጂ ሥራ አስኪያጁ አይደለም። ስለዚህ ቫልቩን ከመክፈታችሁ በፊት በጽሑፍ ጠይቁ።

ዋናው ነገር ቁጥር ነው። «ፍሳሻችን ትንሽ ከፍ ይላል» ብሎ መጻፍ ዋጋ የለውም። ከገደቡ የሚያልፈው የቱ ነው? ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ)? ሲኦዲ (በውኃው ያለውን ቆሻሻ በኬሚካል ለመበተን የሚያስፈልገው ኦክስጅን)? ክሮም የተባለው ብረት? የተፈቀደውን መጠን፣ የዛሬውን የላብራቶሪ ውጤትና በጥገናው ወቅት የምትጠብቁትን ጎን ለጎን አስቀምጡ። ነፃ መሆን የምትፈልጉት ከአንዱ መለኪያ ብቻ ከሆነ፣ ሌሎቹን እንደምታከብሩ ጻፉ።

ወቅቱንም አስቡበት። በበጋ የቦርከና ወንዝ ይቀጥናል፤ ፍሳሹን የሚያሳሳው ውኃ የለም። ያ ውኃ ደግሞ ወደ ጨፋ ረግረግ ይወርዳል፣ ከብት ይጠጣዋል። ሊቆይ የሚችል ጥገና ከሆነ እኔ ክረምትን እመርጣለሁ። ያኔም ቢሆን ፈቃድ ያስፈልጋል።

ከማመልከቻው ጋር የጥገና መርሐ ግብር፣ የመለዋወጫው ግዢ ማስረጃና ምርት በምን ያህል እንደሚቀነስ አያይዙ። ምርት ሳይቀንስ የሚጠይቅን ፋብሪካ እኔ ራሴ አላምነውም። ፍሳሹ ወንዙን ከሚቀላቀልበት መውጫ በላይም በታችም በየቀኑ የወንዙን ናሙና ውሰዱ። ሞተሩ ተጠግኖ ሥራ ሲጀምር ውጤቱን ይዛችሁ፣ የፈቃዱ ጊዜ ሳያልቅም ቢሆን፣ ወደ መደበኛው ገደብ መመለሳችሁን በደብዳቤ አሳውቁ።