ባለ ሰንሰለት አነስተኛ ሎደር ሲመርጡ ከእግሩ ይጀምሩ

ሎደር ለመግዛት ወይም ለመከራየት ያሰበ ሰው ሲያማክረኝ መጀመሪያ የሚያነሣው የፈረስ ጉልበቱን ነው። እኔ ደግሞ መጀመሪያ የምጠይቀው ስለ መሬቱ ነው። ጭቃ ነው? አሸዋ ነው? ሣር የለበሰ ግቢ ነው? ወይስ ኮንክሪትና ስለታም ጠጠር? ይህ ሳይታወቅ ስለ ሞተር ማውራት ጊዜ ማባከን ነው። ባለ ሰንሰለቱን አነስተኛ ሎደር ከባለ ጎማው የሚለየው እግሩ እንጂ ሞተሩ አይደለም።

የዚህ ማሽን ሰንሰለት እንደ ዶዘር ብረት ሳይሆን ውስጡ የብረት ሽቦ የተቀበረበት ሰፊ የጎማ ቀበቶ ነው። ጥቅሙን በቀላል ሒሳብ ማየት ይቻላል። ማሽኑ 4,500 ኪሎ ግራም ቢመዝን፣ እያንዳንዱ ሰንሰለት 40 ሴንቲ ሜትር ስፋት ቢኖረውና መሬቱን በ150 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ቢነካ፣ ክብደቱ በ12,000 ካሬ ሴንቲ ሜትር ላይ ይከፋፈላል። በአንድ ካሬ ሴንቲ ሜትር የሚያርፈው 375 ግራም ብቻ ነው ማለት ነው። አንድ ጎልማሳ ሲራመድ በእግሩ ከሚያሳርፈው ጫና ብዙም አይርቅም። ሰንሰለቱ ወደ 45 ሴንቲ ሜትር ቢሰፋ ጫናው ወደ 333 ግራም ይወርዳል። ባለ ጎማው ሎደር ግን መሬት የሚነካው በአራት ትንንሽ ቦታዎች ስለሆነ ጫናው ብዙ እጥፍ ነው፤ ዝናብ በጠገበ አፈር ላይ የሚሰምጠውም ለዚህ ነው።

ታዲያ ሁሉም ሰው ባለ ሰንሰለት ይግዛ ማለቴ አይደለም። የሥራዎ አብዛኛው ክፍል አስፋልትና ኮንክሪት ላይ ከሆነ ባለ ጎማውን ይውሰዱ። ጠንካራ ወለል ላይ በተዞረ ቁጥር የሰንሰለቱ ጎማ ይፋቃል፤ የአዲስ ሰንሰለት ዋጋ ደግሞ ከጎማ ዋጋ ጋር የሚወዳደር አይደለም።

ቀጥሎ የሚነሣው የማንሳት አቅም ነው። በዚህ ላይ ብዙ ገዢ ሲሳሳት አይቻለሁ፤ ያሳዝነኛልም፣ ምክንያቱም አንድ ጥያቄ ቢጠየቅ የሚቀር ስሕተት ነው። ማሽኑን ወደፊት የሚደፋው ክብደት ይለካና ከዚያ ላይ የተወሰነ መቶኛ የሥራ አቅም ተብሎ ይጻፋል። በተለመደው አሠራር ለባለ ሰንሰለቱ 35 በመቶ፣ ለባለ ጎማው 50 በመቶ ይወሰዳል። አንዳንድ መግለጫ ግን ለባለ ሰንሰለቱም ሁለቱንም ቁጥር ያትማል። በ2,800 ኪሎ ግራም የሚደፋ ማሽን በ35 በመቶ ሲሰላ 980 ኪሎ ግራም፣ በ50 በመቶ ሲሰላ 1,400 ኪሎ ግራም ያነሣል ይባላል። ማሽኑ ያው አንድ ነው። ስለዚህ ሁለት ማሽኖችን ሲያወዳድሩ ቁጥሩ በስንት በመቶ እንደተሰላ ይጠይቁ። ከዚያ የራስዎን ጭነት ያስሉ፦ እርጥብ አፈር በአንድ ሜትር ኩብ 1,800 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናልና ግማሽ ሜትር ኩብ የሚይዝ ባልዲ ሲሞላ አፈሩ ብቻውን 900 ኪሎ ግራም ነው። ሹካ ገጥመው ፓሌት የሚያነሱ ከሆነ የጭነቱ መሐል ከማሽኑ ስለሚርቅ ማሽኑ በቀላሉ ይደፋል፤ ለዚያ የተለየ የአቅም ሠንጠረዥ አለና ይጠይቁ።

ክንዱ የሚነሣበት መንገድም ይለያያል። በቅስት የሚነሣው ለመቆፈርና መሬት ለማስተካከል ይመቻል፤ አሠራሩም ቀላል ነው። ቀጥ ብሎ የሚነሣው ጭነቱን ወደ ራሱ አቅርቦ ስለሚይዝ ገልባጭ መኪና ለመጫን ይሻላል።

አሁን ወደ ሃይድሮሊኩ፣ ማለትም በዘይት ግፊት ኃይል ወደሚያስተላልፈው ክፍል፣ እንምጣ፤ የፈረስ ጉልበት ጥያቄ እውነተኛ መልስ የሚያገኘው እዚህ ነውና። ቁጥቋጦ የሚጨፈልቅ፣ ቦይ የሚቆፍር ወይም አስፋልት የሚፍቅ ተጨማሪ መሣሪያ የሚሠራው ከሞተሩ በቀጥታ ሳይሆን ከፓምፑ በሚመጣ ዘይት ነው። በደቂቃ 85 ሊትር ዘይት በ210 ባር ግፊት ቢፈስ ወደ መሣሪያው የሚደርሰው ኃይል 30 ኪሎ ዋት ገደማ ነው፤ ወደ 40 የፈረስ ጉልበት ማለት ነው። የሞተሩ ሽፋን ላይ 75 ተብሎ ቢጻፍም መሣሪያው የሚያገኘው ይህንን ነው። ለባልዲ፣ ለሹካና ለተራ ጉድጓድ መቆፈሪያ ይህ ይበቃል። እንጨት ለመጨፍለቅ ግን ከፍተኛ ፍሰት ያለው ማሽን ያስፈልጋል፤ በደቂቃ ከ115 ሊትር በላይ። ስለዚህ አስቀድመው ትልቁን መሣሪያ ይምረጡ፣ የሚፈልገውን ፍሰትና ግፊት ከመግለጫው ላይ ይጻፉ፣ ከዚያ ማሽኑን ለእሱ ይፈልጉለት። እንዲህ ያሉ መሣሪያዎች ብዙውን ጊዜ ከሁለቱ ዋና ቱቦዎች ሌላ መሣሪያውን በዘይት ግፊት ከሚያዞረው ሃይድሮሊክ ሞተር የሚተርፈውን ዘይት የሚመልስ ሦስተኛ ቀጭን ቱቦ ይፈልጋሉ፤ መግጠሚያው ማሽኑ ላይ መኖሩን በዓይንዎ ይዩ።

ያገለገለ ማሽን ከሆነ ቀለሙን ትተው ይንበርከኩ። ጭቃው ታጥቦ ይጠብቅዎት፤ ባለቤቱ ማጠብ ካልፈለገ አልፈው ይሂዱ። አዲስ ሰንሰለት ላይ ጥፍሩ፣ ማለትም መሬቱን የሚቆነጥጠው የጎማ ጉብታ፣ በአብዛኛው 2.5 ሴንቲ ሜትር ያህል ቁመት አለው፤ የቀረውን በማስመሪያ ይለኩ። በጥፍሮቹ መካከል ጣትዎን ያስኪዱ። ላዩ ላይ ያለ ስስ ስንጥቅ አያስደነግጥም፤ ሽቦው የታየበት ቁርጥ ግን ውኃ ያስገባል፣ ሽቦው ይዝጋል፣ አንድ ቀን ጭነት ላይ ይበጠሳል። ከዚያ ሰንሰለቱን የሚያሽከረክረውን ባለ ጥርስ ጎማ ይመልከቱ። ጥርሶቹ ወደ አንድ ጎን ጎብጠው ከሾሉ አልቀዋል፤ በእነሱ ላይ የሚገጠም አዲስ ሰንሰለትም ቶሎ ያልቃል። ስለዚህ ዋጋ ሲደራደሩ ሁለቱንም አብረው ይቁጠሩ። ሰንሰለቱ በሚንከባለልባቸው ታችኞቹ ሮለሮች ዙሪያ ዘይት ከላበ ማሸጊያው ተበልቷል። ግራና ቀኝ ያለው አበላል ካልተመሳሰለ ምክንያቱን ይጠይቁ።

ሞተሩ እርስዎ ከመድረስዎ በፊት እንዳይነሣ አስቀድመው ይንገሩ፤ በቀዝቃዛው ሲነሣ መስማት አለብዎት። ከሞቀ በኋላ በደልዳላ ቦታ ወደፊትም ወደ ኋላም ቀጥ አድርገው ይንዱት። ወደ አንድ ጎን የሚጎትት ከሆነ የአንደኛው ጎን ሰንሰለት ውጥረት፣ ሃይድሮሊክ ሞተር ወይም ፓምፕ ችግር አለበት። ካቢኑ ውስጥም ትንሽ ይቀመጡ። የባልዲው ጠርዝ ይታይዎታል? ክንዱ ከፍ ብሎ ሳለ በሩ ይከፈታል? በአንዳንድ ማሽኖች አይከፈትም፤ ለኦፕሬተሩ ሌላ መውጫ መኖሩን ያረጋግጡ።

ተዳፋት ላይ የሚሠሩ ከሆነ ሲሞክሩትም ሆነ በኋላ ከባዱ ጎን ሁልጊዜ ወደ ላይ ይሁን። ጭነት ይዘው ሲወጡ ፊት ለፊት፣ ሲወርዱ ወደ ኋላ፤ ባዶ ባልዲ ሲሆን ተቃራኒው ነው። ባልዲው ሁልጊዜ ወደ መሬት የቀረበ ይሁን።

ማሽኑን ለማጓጓዝ ያሰቡት ተጎታች የሚችለውን ክብደት ሲያሰሉ ባልዲውንና ሌሎቹን መሣሪያዎች ይደምሩ። ቀብድ ከመክፈልዎ በፊት ደግሞ ሻጩን ለዚህ ሞዴል ሰንሰለት፣ ሮለርና ፊልተር መጋዘን ውስጥ እንዳለው፣ ከሌለውም በስንት ቀን እንደሚያስመጣ ይጠይቁት። መልሱን በጽሑፍ ካልሰጠዎት ሌላ ሻጭ ይፈልጉ።